ሁለት የሚያጓሩ ሣጥኖችና አንድ ሠርግ

ጊታር የተሠራው ሆድ ለሌለው ሰው ነው። እኔ ቆሜ ስይዘው ሆዴ ላይ ይጋደምና ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ጣቶቼ የት እንዳሉ ለማወቅ አንገቴን እንደ ኤሊ ማውጣት አለብኝ። ሚስቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደዚያ ሆኜ ያየችኝ ቀን በሩ ላይ ቆም ብላ ቆየችና፣ «እንግዳ መጥቶ ነው ትሪ የያዝከው?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን የጊታሩ ስም ትሪው ነው። «ትሪውን ከአልጋ ላይ አንሳው»፣ «ትሪው ላይ ዶሮ ወጣች» ይባላል።

ሙዚቀኛ አይደለሁም። ወረታ ውስጥ የሩዝ መፈልፈያ ያለኝ፣ ገለባ ከቅንድቡ የማይጠፋ ሰውዬ ነኝ። የሜዳው ሩዝ ታጭዶ መወቃት ከጀመረ አንስቶ ደጄ ላይ ጆንያ እንደ አጥር ይደረደራል፤ ሞተሩም ከጧት እስከ ማታ ሲጮኽ ይውላል። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የኖረ ጆሮ ወይ ይደነቁራል፣ ወይ ይሠለጥናል። የኔ ሠልጥኗል ባይ ነኝ። ሚስቴ ሌላውን ትላለች። ብቻ ለስለስ ያለ ዘፈን ስሰማ አንድ ነገር የጎደለው ይመስለኛል፤ ሞተሩ ሩዝ ሳይገባበት ባዶውን ሲዞር የሚያሰማው ድምፅ ይሆንብኛል።

አንድ ቀን ታዲያ ስልኬን ስነካካ ፀጉሩ ወገቡ የደረሰ ፈረንጅ ጊታር ይዞ ብቅ አለ። አንዴ ሲመታው፣ እንዴት ልበላችሁ፣ ፍሬው ከነገለባው፣ ጠጠሩም ሳይለቀም መፈልፈያ ውስጥ ሲገባ የሚሰማው ድምፅ ወጣ። «አገሬ!» አልኩ። እንባዬም መጣ። ገለባ ይሁን ናፍቆት እንጃ።

ነገሩን ሳጣራ ምስጢሩ ጊታሩ ሳይሆን ጊታሩ የሚሰካበት ሣጥን ሆኖ አገኘሁት፤ አምፕሊፋየሩ። ሣጥኑ ላይ ጌይን የሚሉት ቁልፍ አለ። ጌይን ድምፁን ያሻክረዋል። ጥቂት ሲጠመዘዝ ድምፁ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፤ ሲጨመርለት ይቆጣል፤ እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ ጎረቤት ይቆጣል። ደግሞ የፋብሪካ ሣጥን የማይጥማቸው ሰዎች አሉ። አንድ ባለ እጅ ቁጭ ብሎ የሠራውን፣ መንታ የሌለውን ሣጥን ነው የሚፈልጉት። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጡና መጋረጃ ይጋርዱባቸዋል፤ ከዚያ «ይሄ ይሞቃል፣ ያኛው ይነክሳል፣ ይሄኛው ከሥሩ ወፍራም ነው» እያሉ እንደ ጠላ ቀማሽ ሲከራከሩ ይውላሉ። ሥራ መፍታት ነው ትሉ ይሆናል። እኔ ግን የጠፉ ወገኖቼን ነው ያገኘሁት።

ወረታ ላይ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን አብሮ አደግ አለኝ። ለሠርጌ ሚዜዬ የነበረ፣ እስከ ዛሬም እየመጣ ሳህኔ ውስጥ ያለውን ሥጋ ሳይጠይቅ የሚያነሳ ሰው ነው። ሄጄ አጫወትኩት።

«ጩኸት ነው የምትፈልገው?» አለኝ።

«ሻካራ ጩኸት።»

«የተበላሸ ማለትህ ነው?»

«በደንብ የተበላሸ።»

«አንተ ጉድ! እኔ የተበላሸ ድምፅ ሳቃና ፀጉሬ ሸብቶ፣ ደህናውን አበላሽልኝ ትላለህ?» ብሎ ሳቀ። ግን ዓይኑ በራ።

ከአባቱ የቀረ ትልቅ የጥንት ሬዲዮ ነበረው፤ ሆዱ ውስጥ እንደ ፍም የሚቀሉ የመስታወት ቱቦዎች ያሉት። እነሱን አወጣና አዲስ ሣጥን ሠራላቸው። ለሣጥኑ ያዋለው የአሮጌ ቁም ሣጥን በር ነው፤ መስታወቱንም አልነቀለው። ስለዚህ ፊቱ ቆሜ ስጫወት ሆዴን ከነጊታሩ አያለሁ። ድምፁ ሞቅ ያለ፣ ወፍራም፣ እንደ ጉሽ ጠላ ነው። ሣጥኑ ራሱም ስለሚሞቅ ዶሮዬ ጫጩቶቿን ይዛ ጀርባው ላይ ሠፈረች። ስጫወት እንኳ አትነሳም። በሕይወቴ ያገኘሁት ከሁሉ ታማኝ አድማጭ እሷ ነች።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። የሚስቴ ወንድም ግን ሐሙሲት አለ። እዚያ መንገድ ዳር የብረት በርና መስኮት ይበይዳል። የሐሙሲቱ ሴት ልጅና የወረታው አብሮ አደጌ ወንድ ልጅ ደግሞ ተዋደው፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ ለጥር ሠርግ ተቆርጦላቸው ነበር። ሽማግሌ ሆኜ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ሁለቱንም ወገን የማውቅ እኔ ብቻ ስለነበርኩ። እንግዲህ ሁለቱ አባቶች አማቾች ሊሆኑ ነው። አማች ደግሞ ከአማቹ ማነስ አይፈልግም።

የሐሙሲቱ የሣጥኑን ወሬ ከእህቱ ሲሰማ፣ «ለኔ እህት ባል ሣጥን የሚሠራው ሌላ ሰው ነው?» አለ አሉ። ብዙም ሳይቆይ አንድ አይሱዙ ደጃችን ቆሞ ሁለት ወንዶች ያቃሰቱበትን ነገር አወረደ። ያም አምፕሊፋየር ነው። ከላይ እስከ ታች ብረት፤ ፊቱ ላይ የጊቢ በር ላይ የሚበየደው ዓይነት አበባ፤ ጎኑ ላይ እጀታ፤ ከላዩ ደግሞ የጓጉንቸር ቁልፍ ማንጠልጠያ።

«ቁልፉ ለምንድነው?» አለች ሚስቴ።

«ሌባ እንዳይነካው» አለ አብሮ የመጣው ወንድሟ።

«ወንድሜ፣ ይኼን ተሸክሞ መሮጥ የቻለ ሌባ ይውሰደው። ይገባዋል።»

ሆዱ ውስጥ የድሮ የመኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ዕቃ ነው ያለው። ጊታሩን ሰክቼ ጌይኑን ሳዞረው ጥርሴ ውስጥ የተሞላው ነገር ተንቀጠቀጠ። ስለታም ነው፤ ከሞረድ እንደወጣ ማጭድ። አንድ ክር ስነካ ድምፁ አጥሩን ይዘላል፣ ይሄዳል፣ አይመለስም።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ማወዳደር ጀመርኩ። የማውቀው አንድ አምባሰል ብቻ ነው፤ እሱንም መሀሉ ላይ ሁልጊዜ አንድ ቦታ እሳሳታለሁ። ለማወዳደር ግን ይሄ ጥቅም አለው። በሁለቱም ሣጥን ላይ ስሕተቱ አንድ ነው፤ አድልዎ የለበትም። የወረታው ሣጥን ላይ ስሕተቴ ቀስ ብሎ ይቀልጥና አውቄ ያደረግኩት ይመስላል። የሐሙሲቱ ላይ ግን ስሕተቴ እንደ አዋጅ ይነገራል፤ ከገበያ የሚመለስ ሰው ሳይቀር ይሰማዋል።

ይሄን ለሁለቱም መናገር አልነበረብኝም።

«አየህ? የኔ ያቅፋል» አለ የወረታው። «ያኛው ቆርቆሮ ላይ የወረደ በረዶ ነው።»

«የኔ እውነት ይናገራል» አለ የሐሙሲቱ። «ያኛው ጉንፋን የያዘው ኮርማ ነው።»

ኮርማ ሲጠራ ኮርማ ይመጣል መሰለኝ። ከጓሯችን ቀጥሎ ያለው ጎረቤታችን ቀንደ መልካም የፎገራ ኮርማ አለው፤ አንገቱ ሥር የተንጠለጠለው ቆዳ ብቻውን ጋቢ የሚወጣው። በማግሥቱ የወረታውን ሣጥን ከፍቼ ወፍራሙን ክር ረገጥ ሳደርገው፣ ኮርማው ከአጥሩ ማዶ አጓርቶ መለሰ። ደገምኩት፤ ደገመው። ስሠልስ አጥሩ ተሰነጠቀና ኮርማው ገብቶ ሣጥኑ ፊት ቆመ። ከዚያ መስታወቱ ላይ ራሱን አየ። እኔ ከነጊታሬ ጆንያ ላይ ወጥቻለሁ። ዶሮዋ አልተነሳችም። ኮርማው መስታወት ውስጥ ያለውን ኮርማ ቆይቶ አየውና፣ እንደኔ ግምት ደስ ብሎት፣ ዘወር ብሎ ሄደ።

የወረታው ይሄን ሲሰማ ለከተማው ሁሉ አወራ። «ኮርማ መሰከረልኝ! ከብት አይዋሽ!»

የሐሙሲቱ ሲሰማ ደግሞ፣ «ሊወጋው ነው እንጂ የሄደው ሊያመሰግነው ነው እንዴ?» አለ። «ኮርማም ቢሆን ያንን ጩኸት ዝም ማሰኘት ፈልጎ ነው።»

እስከዚህ ሳቅ ነበር። ሳቁ የቆመው የሠርጉ ነገር ሲነሳ ነው። ሙሽሮቹ ሲገቡ ዳሱ ውስጥ በየትኛው ሣጥን ልጫወት? እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ፣ «ሐሙሲት በሴቷ ቤት የሐሙሲቱ፣ ወረታ በወንዱ ቤት የወረታው ይሁን» አልኩ። ሁለቱም እንደ እብድ አዩኝ።

«መጀመሪያ ሐሙሲት ላይ ያ ብረት ከጮኸ» አለ የወረታው፣ «ወረታ ሲመጡ የኔን በምን ይሰሙታል? ጆሮ ይተርፋቸዋል?»

«ድምፅ መለየት ያልቻለ ሰው» አለ የሐሙሲቱ፣ «ልጄን ከሰው ልጅ መለየቱን በምን አውቃለሁ?»

ይቺ ቃል መጥፎ ነበረች። የወረታው ስልኩን ዘጋ። የሐሙሲቱ ዳስ ጣዮቹን አዘገየ። የወረታው ለድግሱ ያሰበውን በሬ መግዛት ተወ። ወደ ሁለቱም ቤት ተመላለስኩ፤ ሁለቱም ሲያዩኝ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «የቱን ነው የምትጫወተው?» የሚል ሆነ። «ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ» ስል ሁለቱም ጠሉኝ።

ሚስቴ አንድ ጧት ፊቴ ቆመች። «ስማኝ አንተ ሰውዬ። ወንድሜና ሚዜህ በአንተ ትሪ ምክንያት ልጆቹን ሊለያዩ ነው። ያመጣኸው አንተ ነህ፤ ጨርሰው።»

ከእሷ ቀጥላ ሙሽሪት ራሷ ከሐሙሲት መጣች። ገለባው እየነፋባት በሩ ላይ ቆመችና፣ «ጋሼ፣ እኔ የማገባው ልጁን ነው እንጂ ሣጥኑን አይደለም» አለችኝ። ልስቅ ስል ዓይኗ እንባ ሞልቷል። አልሳቅኩም። ከጊታሩ ወዲህ ያልቀለድኩት ያኔ ብቻ ነው። «ጥር ሳይወጣ ትዳሪያለሽ» ብዬ ተናገርኩና፣ ከሄደች በኋላ ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ ምን እንዳልኩ አሰብኩ።

አገራችን ሰው ሲጣላ ምን ያደርጋል? ሽማግሌ ይቀመጣል። ለድንበር ሽማግሌ፣ ለላም ሽማግሌ፣ ለባልና ሚስት ሽማግሌ አለ። ለድምፅስ ለምን አይኖርም? እኔ ደግሞ ሽማግሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድም፤ ሩዛቸውን ይዘው ወረፋ የሚጠብቁ ደጄ ላይ ሞልተዋል። በዚያ ሰሞን ከይፋግ በኩል የመጡ ሦስት ሽማግሌዎች ነበሩ። አንደኛው የደም ነገር ሳይቀር ያስታረቁ፣ ስማቸው ሲጠራ ሰው ከመቀመጫው የሚነሳላቸው ናቸው። ሁለተኛው ከእሳቸው ቃል የማይወጡ፣ «ልክ ነው» ማለት የሚወዱ። ሦስተኛው ጆሯቸው ከከዳቸው ቆይቷል፤ ግን በትራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ መዳፋቸውን በትሩ ራስ ላይ አድርገው «በዚህ ነው የምሰማው» ይላሉ። የሚመጣ ጋሪ ከእኔ ቀድመው ያውቃሉ።

ጉዳዩን ሳስረዳቸው ዋናው ሽማግሌ እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ «ልጄ፣ ሁለት ሰው የተጣላው በጩኸት ነው?» አሉኝ።

«በጩኸት ጥራት ነው አባቴ።»

«ጩኸት ጥራት አለው?»

«አለው አባቴ። አንዱ ይሞቃል፣ አንዱ ይነክሳል።»

«እሺ» አሉ፣ በሽማግሌ ትዕግሥት። «ይጠሩ።»

የቀጠሮው ዕለት የወረታው ፂሙን ተላጭቶ፣ የሐሙሲቱ ጋቢውን አጣፍቶ መጡ። ፊት ለፊት አይተያዩም፤ ሁለቱም እኔን ነው የሚያዩት። ሽማግሌዎቹ ደጄ ላይ ያለው ዛፍ ሥር ጆንያ ላይ ተቀመጡ። በደንቡ መሠረት ሁለቱም ከሽማግሌ ቃል ላይወጡ ዋስ ጥሩ ተባሉ። የወረታው እኔን ዋስ ጠራ። የሐሙሲቱም እኔን ዋስ ጠራ። ለሁለት ባላጋራ አንድ ዋስ ስሆን ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ ሌላ የሚጠራ ሰው ግን አልነበረም፣ ሰው ሁሉ ከዚህ ነገር ራሱን አርቋል።

ባዶ ጆንያዎች በመርፌ ቁልፍ አያይዤ መጋረጃ ሠርቻለሁ፣ ስልኬ ላይ እንዳየሁት። መጋረጃውን የሰቀልኩት የመፈልፈያው ቤት በር ላይ ነው። ከጀርባው ሁለቱ ሣጥኖች፣ ከእነሱ ጀርባ መፈልፈያው። የዚያን ዕለት የመፈልፈያው መስመር ከጧት ጀምሮ መብራት አጥቶ ሞተሩ ቆሟል፤ ቤታችን የሚመጣው ሌላኛው መስመር ግን አለ። ሣጥኖቹን ከቤት በተሳበ ሽቦ ሰካኋቸው። መብራት ሲጠፋ የሞተሩን ማብሪያ ዝቅ ማድረግ የዘወትር ሥራዬ ነው። ያን ዕለት አላደረግኩም። ሆዴን ከሁለቱ ሣጥኖች መሀል ለማሳለፍ ስታገል ረሳሁት።

«ልብ በሉ» አልኩ ከመጋረጃው ጀርባ። «የማን እንደሆነ አልናገርም። አታዩም። በጆሯችሁ ብቻ ፍረዱ።»

ጆሮ የከዳቸው ሽማግሌ፣ «ምን አለ?» አሉ።

«በጆሮ ፍረዱ አለ!» ብለው ጮኹላቸው።

«እኔን ነው የሚሰድበው?»

የመጀመሪያውን ሣጥን ከፈትኩ። ጌይኑን እስከ ሦስት ሩብ አዞርኩና አምባሰሉን ለቀቅኩት። ወፈረ፣ ሞቀ፣ ተንከባለለ፤ ስሕተቴ ጋ ሲደርስ ቀለጠ። ከዚያ «ጉሽ ነው» የሚል የዋናው ሽማግሌ ድምፅ ሰማሁ። «ልክ ነው» አሉ ሁለተኛው። ሦስተኛው «ትንሽ መጣ» አሉ፤ ስለ በትራቸው ነው።

ሁለተኛውን ከፈትኩ። ገና ስጀምር ዛፉ ላይ የነበሩት ወፎች ሁሉ ወጡ። ስሕተቴ በአዋጅ ተነገረ። «ኧረ ጆሮዬን!» አለ ወረፋ የሚጠብቅ አንዱ። ዋናው ሽማግሌ፣ «ይሄ አረቄ ነው» አሉ። «ልክ ነው።» «ይሄም ትንሽ መጣ።»

ጊታሩን ከአንገቴ ላወልቅ ስል የመፈልፈያው መስመር መብራት መጣ። ሞተሩ ከጀርባዬ ተነሳ። አፉ ውስጥ ጧት የቀረ ሩዝ ነበር። ያ ሁሉ ነገር በአንዴ፣ ፍሬው፣ ገለባው፣ ቀበቶው፣ ያልተለቀመው ጠጠር፣ ግርርርር ብሎ ወጣ። መሬቱ ተንቀጠቀጠ። የሐሙሲቱ ሣጥን ላይ ያለው የብረት አበባ ሳይቀር ለብቻው ይጮኻል። ማብሪያው ጋ ልሄድ ስል ሆዴ እንደገና ሁለቱ ሣጥኖች መሀል ተቀረቀረ። ጊታሩ አንገቴ ላይ፣ እኔ እንደ ውሻ አራት እግር ሆኜ፣ ሞተሩ በላዬ ላይ ያስካካል።

ከውጭ አንድ ጩኸት ሰማሁ። ጆሮ የከዳቸው ሽማግሌ ነበሩ። «ይሄ ነው! ይሄ ነው! ክርኔ ድረስ መጣ! ይሄኛው የማን ነው?»

እንደምንም ተላቅቄ ሞተሩን አጠፋሁ። መጋረጃው ጀርባ ገለባ ለብሼ ቆምኩ። በጆንያው ቀዳዳ ወደ ውጭ አየሁ። ዋናው ሽማግሌ ከሁለቱ ጋር ጥቂት ተንሾካሾኩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ተነሡ።

«ልጆቼ» አሉ። «ሰምተናል። የመጀመሪያው ሆድ አለው። ሁለተኛው ጥርስ አለው። ሁለቱም የባለ እጅ ሥራ ነው፤ እጃችሁ ይባረክ። ሦስተኛው ግን ሆድም ጥርስም አለው። እህልም አለበት። ረትቷል።»

«ልክ ነው» አሉ ሁለተኛው።

«የቱ ሦስተኛ?» አሉ የወረታውና የሐሙሲቱ በአንድ አፍ። በአንድ አፍ ሲናገሩ ከስንት ጊዜ በኋላ መሆኑ ነው።

የሐሙሲቱ ሄዶ መጋረጃውን ገለጠው። እኔ አለሁ፣ ነጭ በነጭ ሆኜ። ከኋላዬ መፈልፈያው አለ፤ ከአፉ የተፈተገ ሩዝ ጠብ ጠብ ይላል።

«አባቴ፣ ይሄ ወፍጮው እኮ ነው!» አለ የወረታው።

«ወፍጮ መሆኑን እኛ በምን እናውቃለን?» አሉ ዋናው ሽማግሌ፣ ፊታቸው ላይ አንዲት መስመር ሳትንቀሳቀስ። «አታዩም አላችሁን፤ አላየንም። በጆሮ ፍረዱ አላችሁን፤ በጆሮ ፈረድን። የሠርጉ ድምፅ የረታው ነው። ረቺው ሐሙሲት ድረስ መሄድ ካልቻለ ደግሞ፣ የተረታ በረቺ ቦታ አይቆምም። ዋስ ጠርታችኋል። በሉ፣ ልጆቹን ዳሩ።»

ይሄን ብለው ሲቀመጡ ወደ እኔ አንድ ዓይናቸውን ጨፈን ያደረጉ መሰለኝ። ገለባም ገብቶባቸው ሊሆን ይችላል፤ የዚያን ዕለት ያላለቀሰ ዓይን አልነበረም።

ሁለቱ አባቶች መጀመሪያ መፈልፈያውን አዩ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«አውቆ ነው» አለ የሐሙሲቱ።

«አውቆ ነው እንጂ!» አለ የወረታው። «የራሱን ወፍጮ ሊያስመርጥ!»

«ያንተን ቱቦ በወፍጮ ሊያስረታ!»

«ያንተን የመሰለ ብየዳ በወፍጮ! እኔ እንኳ እውነቱን ልናገር፣ የብየዳው መስመር ያምራል።»

«የአንተም ያ ሙቀቱ... ውስጥ ውስጡን ወድጄው ነበር፤ ኩራት ይዞኝ ነው።»

«ሰዎች» አልኩ እኔ፣ «ማብሪያውን ረስቼ...»

«አንተ ዝም በል!» አሉኝ፣ አሁንም በአንድ አፍ። ትከሻ ለትከሻ ሆነው ወደ ጠላ ቤቱ ሄዱ። አልጠሩኝም። ጠላው ከየት እንደሚሻል እንኳ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ሚስቴ መጥረጊያ ይዛ መጣች። ገለባውን ከፀጉሬ ላይ መታ መታ አደረገችልኝና፣ «አስታረቅካቸው» አለችኝ።

«እኔን አኩርፈው ነው እኮ የታረቁት።»

«አንተ ባትኖር በምን ይስማሙ ነበር?»

ሠርጉ በጥር ሐሙሲት ላይ ሆነ። ሙሽሪት አምራ፣ ሙሽራው ላብ አጥምቆት። ሁለቱ አባቶች ከአንድ ትሪ፣ ከእውነተኛው ትሪ ማለቴ ነው፣ ይጎራረሳሉ። ሣጥኖቼ ሁለቱም እቤት ቀርተዋል። የወረታውን ዶሮዋ ጠቅልላ ወስዳዋለች፤ አዲስ ዕንቁላል አቅፋለች። የሐሙሲቱን ሚስቴ ሆዱን ባዶ አስደርጋ ስኳርና ቅቤ ታስቀምጥበታለች፤ ከማን እንደምትደብቅ ለማወቅ ሆዴን ማየት ይበቃል። ለካስ ቁልፉ ሥራ ነበረው። የሣጥኑን የውስጥ ዕቃ ሁለቱ አባቶች ወስደው አብረው ሦስተኛ ሣጥን እየሠሩ ነው አሉ። እንዳይነግሩኝ ተማምለዋል።

የዳሱን ጨዋታ የያዘው አንድ ባለ ማሲንቆ ነው። እኔን ያስቀመጡኝ ዳር ነው፣ ከእኚያ ጆሯቸው ከከዳቸው ሽማግሌ አጠገብ፤ አስታራቂዎቹ ሁሉ ተጠርተው ነበርና። ባለ ማሲንቆው ግሩም አድርጎ ይጫወታል። ሰው ይደሰታል። ሽማግሌው በትራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ መዳፋቸውን አድርገው ይጠብቃሉ። ይጠብቃሉ። ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ሠርጉ አልተጀመረም እንዴ?»

እንዴት ተጀምሯል ልበላቸው? ጮኼ ብነግራቸው ዳሱ ሁሉ ይሰማል፤ እሳቸው አይሰሙም። ወዲያ ማዶ ያለችው ሚስቴ አየችኝ፤ በጣቷ «እንዳታደርገው» አለችኝ፣ ምን እንዳሰብኩ እኔ ሳላውቀው እሷ አውቃዋለች። ጫማዬን አጠበቅኩና ከበትራቸው ጎን ቆምኩ። ከዚያ በማሲንቆው ምት ዘለልኩ።

መሬቱ ድም አለ። ሽማግሌው ቀና አሉ።

ደግሜ ዘለልኩ። «መጣ!» አሉ። «አሁን መጣ!»

ሦስተኛ ሳልዘል በቀኜ አንድ ሰው መጥቶ ቆመ፤ የወረታው ነው። በግራዬ የሐሙሲቱ ነው። አልተናገሩኝም። ኩርፊያቸውን ገና አልጨረሱም። ግን ሦስታችንም እኩል ዘለልን፤ ጠርሙሶቹ ጠረጴዛ ላይ ተንጫጩ፣ ሙሽሪት ቬሏን ገልጣ ሳቀች፣ ሽማግሌው በትራቸውን ወደ ላይ አንሥተው፣ «እህልም አለበት!» አሉ፣ ወደ ሆዴ እያመለከቱ።